ዘንባባ አይላጭም

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ጣና ዳር ባለ ሆቴል በአትክልተኝነት እሠራለሁ። አብሮ አደጌ በስፔን ካናሪ ደሴቶች ላይ ዘንባባ እየወጣ በማጽዳት ይተዳደራል። የሚልክልኝን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር እኔም በዚህ ሙያ መሰማራት ያምረኛል፤ ከተማችን በዘንባባዋ የታወቀች ናትና። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከሆሳዕና በፊት የግቢውን ዘንባባዎች በሙሉ ‹ላጫቸው› ብሎኛል። መውጫ እንዲሆነኝም ጋራዥ ወስዶ ሹል ብረት የተበየደበት ጫማ አሠርቶልኛል። ክፍያው በየዛፉ ነው። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ሥራውን እንዴት ልጀምር? እንጀራስ ይወጣዋል?»

ወንድሜ፣ እንጀራ ይወጣዋል፤ እንዴት እንደሚወጣው በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልለምንህ። ያን ጫማ አታጥልቀው፤ «ላጫቸው» የሚለውንም ትእዛዝ እንዳለ አትቀበል። ሁለቱም የሚመጡት ዘንባባን እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ግራቪሊያ ከማየት ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ቢመለመል ሌላ ያወጣል፤ የተቆረጠበትንም ቦታ ቅርፊቱ ከዓመት ዓመት እየከበበ ይደፍነዋል። ዘንባባ ይህም ያም የለውም። የእጽዋት ሊቃውንት የሚመድቡት ከዋርካና ከዋንዛ ጋር ሳይሆን ከሣር፣ ከበቆሎና ከቀርከሃ ጎራ ነው።

የወደቀ ዘንባባ ካገኘህ ግንዱን አግድም ቁረጥና ተመልከተው። የዕድሜ ቀለበት አታይበትም። የምታየው ከመሐል እስከ ዳር የተበተኑ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችን ነው፤ ወደ ዳሩ እየተጠጉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ውኃና ምግብ የሚያመላልስ ጭረት ነው፤ ጠቅላላው ግንድ ጠብቆ የታሰረ የሰንበሌጥ ነዶ ይመስላል። በሌሎች ዛፎች ቅርፊትና እንጨት መካከል የሚገኘው፣ ግንድን የሚያወፍረውና ቁስልን የሚሸፍነው ሕያው ሽፋን እዚህ የለም። ስለዚህ ዘንባባ ግንድ ላይ ዛሬ የበሳኸው ቀዳዳ ዘንባባው እስኪወድቅ ድረስ ቀዳዳ ሆኖ ይኖራል።

ሌላው ልቡ ነው። አንድ የዘንባባ ግንድ ያለው የማደጊያ ቡቃያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአናቱ መካከል፣ በዝንጣፊዎቹ እቅፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። እሱ ከሞተ ግንዱ አከተመለት። በየወንዙ ዳር የሚበቅለው፣ ለሰሌን የሚታጨደው የአገራችን ዘንባባ ከሥሩ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። በሆቴልና በመንገድ ዳር የሚተከሉት ባለ አንድ ግንድ ረጃጅሞች ግን ምትክ የላቸውም።

እንግዲህ ምን ይቆረጣል? ሙሉ በሙሉ የደረቀ ዝንጣፊ፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ዝንጣፊ፣ የአበባና የፍሬ ዘለላ። በእነዚህ ላይ ክርክር የለም። የፍሬው ዘለላ በተለይ ቶሎ ቢነሳ ጥሩ ነው፤ መሬቱን ከማቆሸሹም በላይ የዛፉን ምግብ ይሻማል። አረንጓዴውን በተመለከተ መለኪያው ቀላል ነው። አናቱ አጠገብ ሆነህ ክንዶችህን ግራና ቀኝ አግድም ዘርጋ። ከክንድህ መስመር በላይ የቆመ ዝንጣፊ በምንም ምክንያት አይነካም። ከመስመሩ በታች ያለውም አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ መንገደኛ ካልነካ፣ መብራት ካልጋረደ ወይም ሽቦ ካልተጠጋ ቢቆይ ይሻላል። ስትቆርጥም ከግንዱ ጋር ልጣፍ ብለህ ግንዱን አትጫር፤ አጭር ጉቶ ተውለት። ጉቶው ደርቆ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። ሳይደርቅ በጉልበት የተገነጠለ ጉቶ ይዞት የሚሄደው ሕያው አካል ነው፤ ያም ቁስል አይሽርም።

አንድ የዘንባባ ዓይነት ግን ጨርሶ መቁረጥ አያስፈልገውም። ከግንዱ በላይ፣ ከቅጠሉ በታች ለስላሳ አረንጓዴ አንገት ያለውና ግንዱ በሲሚንቶ የተሠራ የሚመስል ለስላሳ ዘንባባ ካለህ፣ ዝንጣፊው ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወድቃል። እዚያ ላይ መጋዝ የሚያሳርፍ ሰው የዛፉን አንገት እየቆረጠ ነው። ዝንጣፊው ከባድ ስለሆነ ሥራህ ከሥሩ ወንበርና መኪና እንዳይቆም ማድረግ ነው።

ሥራ አስኪያጅህ የሚፈልገውን ቁርጥ አውቀዋለሁ። አናቱ ላይ ሽቅብ የቆሙ ጥቂት ለጋ ዝንጣፊዎች ብቻ ቀርተው የቀረው ሁሉ ጥርግ ብሎ ይወርዳል። በሞቃታማ ደሴቶችና በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የቱሪስት ከተሞች ይህ ለብዙ ጊዜ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ነፋስ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል በሚል እምነት። ፍሎሪዳን በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ተከታታይ አውሎ ነፋሶች ከመቷት በኋላ የታየው ተቃራኒው ነው፤ አናታቸው የተሰበረው ይበልጡን እንዲህ የተላጩት ነበሩ። ምክንያቱ አይደንቅም። የታችኞቹ ዝንጣፊዎች ለላይኛው ለጋ ድጋፍ ናቸው፤ ድጋፉ ሲነሳ ለጋው ብቻውን ይወዛወዛል። የክረምቱ መግቢያ ላይ ከጣና በኩል የሚነሳውን ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ የምታውቅ ሰው ነህና ይህ አይጠፋህም።

ከነፋሱ የባሰው ግን ረሃቡ ነው። ዘንባባ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ሲያጥረው ከአሮጌው ዝንጣፊ አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል። የታችኛውን ዝንጣፊ አንድ ቅጠል ይዘህ ወደ ፀሐይ አንሳው፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ቢጫና ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ካየህ፣ ጫፉም የተቃጠለ መስሎ ከተጠማዘዘ፣ ያ ዝንጣፊ የዛፉ ጎተራ ሆኖ እያገለገለ ነው። «ቢጫ ሆነ፣ ያስጠላል» ብለህ ቆርጠህ ስትጥለው ጎተራውን ጣልክ። ዛፉም ወደሚቀጥለው ዝንጣፊ ይሸጋገራል፤ እሱም ቢጫ ይሆናል፤ አንተም ትቆርጣለህ። እንዲህ እየተባለ አናቱ ይቀጥናል፤ ግንዱም ወደ ላይ እየሾለ ይሄዳል። በየግቢው ከመሐል ወፍሮ ወደ አናቱ የሰለለ ዘንባባ ስታይ፣ ብዙ ጊዜ የምታየው የረሃብ ታሪኩን ነው። ግንዱ ኋላ ስለማይወፍር የሰለለበት ቦታ እንደሰለለ ይቀራል።

እዚህ ላይ የአትክልተኞቻችንን አንድ ልማድ ልንቀፍ። ዘንባባ ቢጫ ሲሆን ዩሪያ ይበተንበታል። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ዳፕም ሆነ ኤንፒኤስ ፖታሲየም የሚባል ነገር የለባቸውም። ናይትሮጅን ዛፉ አዲስ ቅጠል እንዲያወጣ ይገፋፋዋል፤ አዲሱ ቅጠል ደግሞ የሌለውን ፖታሲየም ይጠይቃል፤ ረሃቡ ይብሳል። ፖታሲየም ያለበት ማዳበሪያ ካገኘህ እሰየው። ካላገኘህ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ በልኩ የተነሰነሰ የእንጨት አመድና የቡና ገለባ ይረዱሃል። የቡና ገለባ በፖታሲየም የታወቀ ነው፤ ለዘጌ ቡና ጎረቤት ለሆነ ከተማ ደግሞ ሩቅ አይደለም። አብስለህ ከግንዱ ራቅ አድርገህ ዘርጋው፤ ግንዱ ላይ አትከምረው። ለውጡን በአንድ ወር አትጠብቅ። የተጎዳ ቅጠል አያገግምም፤ የሚመጣው አዲሱ ነው ጤነኛ የሚሆነው፤ ሙሉው አናት እስኪተካ ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል። አዲሱ ለጋ ራሱ የተኮማተረና የተቃጠለ ሆኖ ከወጣ ግን ጉዳዩ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ያ ልቡን ሊገድል ስለሚችል አፈሩን ማስመርመር ይገባል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ሹል ብረት የተበየደበት ጫማ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቀዳዳ ነው። ረጅም ዘንባባ ላይ አንዴ ወጥተህ ስትወርድ በግንዱ ግራና ቀኝ የቀዳዳ መስመር ትተህ ትወርዳለህ፤ በዓመቱ ስትመለስ ሌላ መስመር። ከተማ ውስጥ ስትዘዋወር ግንዱ እንዲህ የተበሳሳ ዘንባባ ፈልግና ቀረብ ብለህ እየው። አሮጌው ቀዳዳ ጠርዙ ጠቁሮ ተከፍቶ እንዳለ ነው፤ ጉንዳን ገብቶበታል፤ ከአንዳንዱም ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ ደርቋል። በእንዲህ ያለ በር የሚገባ ግንድ አበስባሽ ፈንገስ አለ፤ ግንዱ ከላይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ይላሽቅና አንድ ቀን ነፋስ በሌለበት አናቱ ዱብ ይላል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት አይረዳም፤ እርጥበቱን ከውስጥ ከማፈን በቀር።

አብሮ አደግህ ያለበት ደሴት ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቀዋል፤ በየአገሩ የሆቴል ደጃፍ ላይ የሚታየው ወፍራም ግንድ ያለው የካናሪ ዘንባባ የትውልድ አገሩ እዚያ ነውና። ይህን ዘንባባ ለይቶ የሚያጠቃ ፉዛርየም የሚባል ፈንገስ አለ። ምልክቱን ያዘው፤ ከታች ባለ አሮጌ ዝንጣፊ ላይ ይጀምራል፤ በመሐል አጥንቱ አንድ ወገን ያሉት ቅጠሎች ደርቀው ቡናማ ሲሆኑ በሌላው ወገን ያሉት አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ። አጥንቱ ላይም ቡናማ ሰንበር ይታያል። መድኃኒት የለውም። በዋናነት የሚዛመተው ደግሞ በማን መሰለህ? ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው መጋዙን ሳያጸዳ በሚሄድ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልማድ አድርገው፤ አንድ ዛፍ ጨርሰህ ወደ ሌላው ከማለፍህ በፊት መጋዙን ከብናኙ ጥረግና አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ በተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ንከረው። ሁለት መጋዝ ካለህ አንዱ ሲነከር በሌላው ትሠራለህ። በረኪና ብረት ያዝጋልና ማታ አጥበህ ዘይት ቀባው። የሞተር መጋዝ ብናኝ በየሰንሰለቱ ስር ስለሚሰገሰግ በዚህ መንገድ አይጸዳም፤ ለዚህም ነው ለሕያው ዘንባባ የእጅ መጋዝ የምመርጠው። ቪዲዮው ላይ ሞተሩ ያምራል፣ ገመድህንም በአንድ ሰከንድ ይቆርጠዋል።

ስለ ካናሪ ካነሳሁ ቀዩን የዘንባባ ነቀዝም ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጣው ከእስያ ነው። ትሉ ግንዱን ከውስጥ እየበላ ዛፉን ይጥለዋል፤ ትኩስ የተቆረጠ ዘንባባ ሽታ ደግሞ ይጠራዋል። ካናሪ ደሴቶች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምረው ታግለውት በ2016 ከግዛታቸው እንደጠፋ አወጁ። ይህ ብርቅ ድል ነው፤ አብዛኛው የሜዲትራንያን ዳርቻ አልቀናውም። ነቀዙ በብዛት የሚጓዘው በክንፉ ሳይሆን በጭነት መኪናና በመርከብ፣ ተነቅሎ ከሚሸጥ ዘንባባ ጋር ነው። ሆቴላችሁ «ያደገ ዘንባባ ከውጭ እናስመጣ» የሚል ሐሳብ ካለው፣ የኳራንቲን ወረቀቱን ሳያይ አንድም ግንድ እንዳያስገባ ንገረው።

አሁን ሰው ስለሚገድለው ነገር። ብዙ ሰው የዘንባባ ሥራ አደጋ መውደቅ ብቻ ይመስለዋል። ማራገቢያ የሚመስል ቅጠል ያላቸው ረጃጅም ዘንባባዎች የደረቀ ቅጠላቸውን አይጥሉም፤ ለዓመታት ግንዱ ላይ እንደተጣበቀ እየተደራረበ ይወርዳል። ልምድ የሌለው ሰው ከታች ወጥቶ፣ ከጥርቅሙ ሥር ቆሞ፣ የታችኛውን ቅጠል መቁረጥ ይጀምራል። የታችኛው ሲነሳ የላይኛው የሚደግፈው ያጣና ጠቅላላው ጥርቅም ተንሸራቶ ሠራተኛው ላይ ያርፋል። ቀበቶው ከግንዱ ጋር አስሮታልና መሸሽ አይችልም፤ ደረቱን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጣዋል። በካሊፎርኒያ ብዙ ሠራተኞች የሞቱት በዚህ መንገድ ነው። የሞቱት ወድቀው አይደለም፤ ቀበቶአቸው እንደታሰረ ታፍነው ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ከጥርቅሙ በላይ ወይም ከጎኑ ሆነህ ከላይ ወደ ታች ትሠራለህ እንጂ ከሥሩ አትገባም። ከላይ የሚያደርስህ ባለ ቅርጫት መኪና ወይም በአግባቡ የታሰረ የግንባታ መወጣጫ ከሌለ ያን ዛፍ አትንካው። «እምቢ» ማለት የሙያው አካል ነው።

ላባ መሰል ዝንጣፊ ያላቸው ዘንባባዎች፣ ማለትም የካናሪው፣ ተምሩና የአገራችን ዘንባባ፣ ሌላ ጦር አላቸው። ከዝንጣፊው ሥር ያሉት ቅጠሎች ወደ እሾህነት ተለውጠዋል፤ እንደ ጣት የረዘመና እንደ ወስፌ የሾለ እሾህ ነው። ተራ የቆዳ ጓንት ይወጋል። መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ከተሰበረ ጉልበትና የጣት አንጓ ለሳምንታት ሊያሳብጥ ይችላል። ቤት ውስጥ በመርፌ አትጎርጉረው፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የቴታነስ ክትባትህንም ከሥራ በፊት አድስ። መነጽር ያለ ክርክር ነው። ዝንጣፊውን ስትጎትት ከፊትህ አትጎትት።

መብራት። የከተማው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር 15 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ሽቦውም በአብዛኛው ልባስ የለውም። መንካት አያስፈልግህም፤ ረጅም እርጥብ ዝንጣፊ በአንተና በሽቦው መካከል ድልድይ ከሆነ በቂ ነው። አንተም፣ መጋዝህም፣ የምትጥለው ዝንጣፊም ከሦስት ሜትር በላይ መራቅ አለባችሁ። ካልተቻለ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መስመሩን እስኪያጠፋልህ ትጠብቃለህ። የአሉሚኒየም መሰላል አጠገቡ አይቆምም፤ ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ መሰላልም ቢሆን አይታመንም።

ንብ ደረቅ ጥርቅም ውስጥ መክተም ይወዳል። ከመውጣትህ በፊት ከታች ቆመህ አናቱን ለጥቂት ደቂቃ ተመልከት፤ የሚመላለስ ነገር ካለ ንብ አናቢ ጥራ። ወደ ማራገቢያ መሰሉ ቅጠልም አተኩር። ቀጭን ግራጫ ወፍ፣ ክንፏ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ የተንጠለጠለ ቅጠል ሥር ስትገባ ካየህ፣ ላባና ምራቋን አጣብቃ ጎጆ ሠርታለች፤ እንቁላሏንም በምራቋ ቅጠሉ ላይ ትለጥፈዋለች። ያን ቅጠል ጫጩት እስኪበር ተወው፤ ዘንባባው አይጎዳበትም። የሐይቁ ዙሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ቱሪስቱም የሚመጣው ለወፉ ጭምር ነው።

ታዲያ በምን ልውጣ ትለኛለህ። ስድስትና ሰባት ሜትር የሚደርሰውን ከመሬት ሆነህ እጀታው በሚረዝም መጋዝ ትጨርሰዋለህ፤ ይህ ለመጀመሪያው ዓመትህ ከበቂ በላይ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ባለ ቅርጫት መኪና ተከራይ፤ ሆቴሎች ተባብረው ለአንድ ቀን ቢከራዩ ወጪው ይከፋፈላል። በገመድ መውጣት የሚማሩት ነገር ነው፤ ቪዲዮ አይቶ የሚጀመር አይደለም። ግንባታ ላይ ወይም የመገናኛ ማማ ላይ በከፍታ ከሚሠሩ ሰዎች ሥር ሆነህ የቀበቶና የገመድ አያያዝ ተለማመድ። መጋዝ በያዝክ ጊዜ ሁልጊዜ በሁለት ነገር ታስረህ ሁን፤ አንዱ ውስጡ የብረት ገመድ ያለበት ይሁን፤ መጋዝ ሲያመልጥ የሚያድንህ እሱ ነው። ገመድህን ግንዱን ራሱን ከብበህ እሰር፤ የዝንጣፊ ጉቶ ላይ አትመን፤ ጉቶ ጠንካራ መስሎ ተቀርፎ እጅህ ላይ ይቀራል። ብቻህን ደግሞ አትውጣ። ታች የሚጠብቅህ ሰው ስልክ የሚነካካ ጎረምሳ ሳይሆን አንተን ማውረድ የሚያውቅ ይሁን፤ ራሱን ስቶ ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ካልወረደ ሊሞት ይችላል። ተቀጣሪ ከሆንክ የደኅንነት መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል፤ የጋራዡ ጫማ በዚህ አይቆጠርም።

ሰዓቱን በተመለከተ የጣና ጀልባ ነጂዎች ማለዳ መውጣት የሚመርጡበት ምክንያት ለአንተም ይሠራል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሕያው ዝንጣፊ አትቁረጥ፤ ግንዱ ያዳልጣል፣ መብረቅ አለ፣ ትኩስ ቁስል ላይም ፈንገስ ይበረታል።

በዚህ ረገድ ሥራ አስኪያጅህ የመረጠው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሆሳዕና መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስለሚውል ደረቅ ወቅት ነው። ግን ሌላ ነገር ይመጣብሃል። በዓሉ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዘንባባ ይፈልጋል፤ ለቀለበትና ለግንባር ማሰሪያ የሚጎነጎነው ደግሞ ለስላሳው፣ ገና ያልተዘረጋው፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ለጋ ነው። ያ ለጋ ከልቡ በቀጥታ የሚወጣ ነው። ይዘኸው ታውቅ ይሆናል፤ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የተጣጠፈ፣ ከሥሩ ነጭና ርጥብ። አንዱን ከላይ በጥንቃቄ መቁረጥ ዛፉን አይገድለውም፤ በየዓመቱ የወጣውን ሁሉ መንጨት ግን ያመነምነዋል፤ ወደ ታች ጠልቆ የገባ ስለት ደግሞ ልቡን ይነካና በቃ። ስለዚህ ለጋውን ብዙ ግንድ ካለው ከአገራችን ዘንባባ አንሳ፤ ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ብቻ። ከረጃጅሞቹ የሚወርደውን፣ ከመስመሩ በታች ያለውንና የግድ መነሳት ያለበትን አረንጓዴ ዝንጣፊ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ አውርደህ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስጥ። ሆቴሉ ይመሰገናል፤ አንተም የማስወገጃ ወጪ ይቀልልሃል። የቀረውን ደረቅ ሐይቁ ውስጥ እንዳትጥል፤ ጣና እንቦጩ በቅቶታል። ቆራርጠህ ከዛፍ ሥር ለአፈር መሸፈኛ ማዋል ይቻላል፤ ታሞ የተጠረጠረውን ግን ከግቢ አውጥተህ አቃጥለው።

አሁን ወደ እንጀራው። አብሮ አደግህ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የሚያገኘው ደሴቱ የቱሪስት አገር ስለሆነና ዘንባባው በየመንገዱ ስላለ ነው። ኮኮናት በሚበቅልባቸው ሞቃታማ ደሴቶች ደግሞ ሥራው ከዚህም ይበዛል፤ ኮኮናት በግምት በየወሩ አንድ ዝንጣፊና አንድ የአበባ ዘለላ ያወጣል፤ ፍሬው ዓመት ገደማ ቆይቶ ይበስላል። ሆቴሎች እንግዳ ራስ ላይ እንዳይወድቅ በየጥቂት ወሩ ያስወርዱታል። ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮኮናት እዚህ አይሆንም። የእኛ ዘንባባ በደንብ ከተያዘ በዓመት አንድ ጽዳት ይበቃዋል። እንግዲህ በዘንባባ ብቻ ዓመቱን አትሞላም፤ ለብዙ ዙር ቁረጥ የሚል ደንበኛ ካገኘህም ዛፉን እየጎዳህ ነው የምትበላው።

መንገዱ ይህ ነው። የዘንባባ ቆራጭ ሳይሆን የዛፍ ባለሙያ ሁን። ሐይቁ ዳር ቅርንጫፋቸው የመቀመጫ ቦታ ላይ ያንዣበበ ዋርካና ሾላ አሉ፤ በየግቢው ማንጎና አቮካዶ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ ግራቪሊያና ጃካራንዳ አለ። የእነዚህ አገራረዝ ከዘንባባው የተለየ ጥበብ ነው፤ ገመዱ፣ መጋዙና ንጽሕናው ግን አንድ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት እነሱን ስታዳርስ፣ ክረምቱን ለችግኝና ለማዳበሪያ ታውለዋለህ። የመንገድ ዳር ዛፍ የከተማው ንብረት ስለሆነ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ እንዳትነካ፤ ሱቅ ያለው ሰው «ታፔላዬን ጋረደብኝ» ብሎ ገንዘብ ቢያሳይህም።

ክፍያውንም በየዛፉ አትቀበል። በየዛፉ የሚከፈለው ሰው መቸኮሉ፣ ከሚገባው በላይም መቁረጡ አይቀርም፤ ብዙ ቅጠል መሬት ላይ ሲታይ ብዙ የሠራ ይመስላልና። ለሥራ አስኪያጅህ የዓመት ውል አቅርብለት፤ አንድ ጽዳት በመጋቢት፣ ከክረምት በፊት አንድ ምርመራ፣ ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ። ዋጋውን ስታወጣ የከፍታውን፣ የባለ ቅርጫቱን መኪና፣ የረዳትህንና የማስወገጃውን ለየብቻ ጻፍ፤ ሲደራደር የትኛውን እንደሚቀንስ ራሱ ያየዋል። የደኅንነቱ ክፍል ላይ ግን አትደራደር። አሁንም ካልተዋጠለት አንድ ዘንባባ ምረጥና ደረቁንና ፍሬውን ብቻ አጽዳለት፤ ሙሉ ክብ አናት ያለው ንጹሕ ዘንባባ ከተላጨው ይልቅ ለፎቶ እንደሚያምር ዓይኑ ይነግረዋል።

አብሮ አደግህ ዕቃ ልላክልህ ካለህ ጥሩ የእጅ መጋዝ፣ መነጽርና እሾህ የሚችል ጓንት ይላክልህ። ያገለገለ ገመድና ያገለገለ ቀበቶ አትቀበለው፤ ስንት ጊዜ እንደወደቀበት፣ ምን ኬሚካል እንደነካው ከላይ አይታይም። ሹል ብረት ያለው ጫማ ከላከልህ ደግሞ አትጣለው፤ ሞቶ ሊወርድ የተወሰነበት ዘንባባ ሲያጋጥምህ፣ ያውም ግንዱ ውስጡ ያልበሰበሰ መሆኑን ከሥሩ እየመታህ ካረጋገጥክ በኋላ፣ ያኔ ታጠልቀዋለህ።